የጥዱ አጥር ፍሬ

ሰውየው ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ኖሯል። በመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ "ጋሽ ቀስታ" ነበር የሚሉት። ሌላው ሾፌር በሁለት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እሱ በሁለት ቀን ተኩል ይገባል። ታዲያ ሌላው ጎማ አፈንድቶ፣ ጎን አስገጭቶ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተጨቃጭቆ ሲመለስ፣ የእሱ መኪና እንደወጣች ትገባለች። ሲቀልዱበት "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይልና ሞተሩን እያዳመጠ ይቆማል። ሞተር ሲታመም በድምፁ ያውቃል። ፍሬን ሊያልቅ ሲል በእግሩ ያውቃል። ከመኪና ውጭ ስላለው ነገር ግን እምብዛም አያውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ አልነበረውም።

ቤቱንም ቢሆን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው። ከወር ውስጥ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነበር። ሲመጣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ሸሚዝ ይቀይርና ይሄዳል። አንድ ልጁ ጥርስ ማውጣቷን፣ መራመዷን፣ ትምህርት ቤት መግባቷን የሰማው በስልክ ነው። ቤቱን ቤት ያደረገችው ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ እሱን በሁለት ዓመት ቀድማው ጡረታ ወጥታለች። ቆሻሻ ካየች እጇ አርፎ አይቀመጥም። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዳ እንኳ ወሬውን እየሰማች ከምንጣፉ ላይ ክር ትለቅማለች። ባሏ "አንቺ እኮ መቃብር ብትገቢም አፈሩን ሳትጠርጊ አትተኚም" ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ እየሳቀችም ከትከሻው ላይ ፀጉር ታነሳለች።

የግቢውን አጥር የተከለችውም እሷ ናት። ቦታውን ያገኙ ሰሞን፣ ልጃቸውን አዝላ፣ ሠላሳ አንድ የጥድ ችግኝ በቆርቆሮ ጣሳ እያመላለሰች አመጣች። አሥራ ሁለቱን በመንገዱ በኩል፣ አሥራ ዘጠኙን ከኋላ ካለው ጎረቤት ጋር በሚዋሰነው በኩል ተከለቻቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ኮተኮተች፣ አጠጣች፣ በትልቁ መቀስ ከረከመች። ጥዱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ ተጠላልፎ፣ አናቱ በውኃ ልክ እንደተስተካከለ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገደኛ "የማን ግቢ ነው?" ብሎ የሚጠይቅለት አጥር ነበር። ባልየው ከሩቅ መንገድ ሲመለስ ቤቱ መድረሱን የሚያውቀው በዚያ አጥር ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን ቀርቦ አይቶት አያውቅም።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በጋው ሲጋመስ፣ ልጃቸው ከምትኖርበት ከተማ ስልክ መጣ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ አሁን ሦስተኛውን ፀንሳለች፤ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟታል። እናት በማግሥቱ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ባልየው በራፉ ላይ ቆሞ የምትሰጠውን መመሪያ ሰማ።

"ጋዙን ስትወጣ ዝጋ። መጋረጃውን በፀሐይ አታስመታው። ጥዱን አደራ፤ በሳምንት አንዴ ውኃ ከጠጣ ይበቃዋል። መከርከሙን ግን ተወው፣ ስመጣ እኔ እከረክመዋለሁ።"

"መቀስ መያዝ ያቅተኛል?"

"አያቅትህም። ግን አንድ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ታስባለህ፤ ከዚያ የማይቆረጠውን ትቆርጠዋለህ።"

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቷት ተመለሰ። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ቤት ቀርቶ እሷ መንገድ ወጣች። ባዶው ቤት ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ሥራ የለመደ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጠገነ፤ በሩን ዘይት ቀባ፤ የሚጠገን ሲያልቅበት ግቢውን መዞር ጀመረ። አንድ ጠዋት ጥዱን ሲያጠጣ አናቱ አካባቢ ተንጠልጥለው የሚወዛወዙ ነገሮች አየ። የጣት አንጓ ያህላሉ፤ ወደ ታች ቀጠን ይላሉ፤ የደረቀ የጥድ ቅጠል እንደ ጎጆ ክዳን ተነባብሮባቸዋል። በስተኋላ በኩል ብዛታቸው ስልሳ ሰባ ይሆናል፤ በመንገዱ በኩል ጥቂት ናቸው። አንዱን በጣቱ ነካው፤ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ አልተነቀለለትም። ደስ አለው። ማታ ሚስቱ ስትደውል መጀመሪያ የነገራት ይህንኑ ነው።

"ጥድሽ አፍርቷል።"

"ማን? ጥዱ?"

"አዎ። ፍሬው ተንጠልጥሏል፤ ብታይው ያምራል።"

እሷም ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ምን ይገርማል፣ ጥድ ፍሬ አለው እኮ። እኔ እየከረከምኩ ጊዜ ነስቼው ነው እንጂ። ዘንድሮ መቀስ ስላላየ አፈራ" አለች። ከዚያ ወሬው ወደ ልጅቷ ደም ግፊት ዞረ።

በጋው እንዲህ አለፈ። ባልየው ፍሬውን እያየ ውኃውን በየሳምንቱ ያጠጣል። እንዲያውም ፍሬ የያዘ ዛፍ ይጠማዋል ብሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ አደረገው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የእሱ ዓይን ጎማ ላይ የገባች ሚስማር ከሩቅ የሚለይ ዓይን ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተንጠለጠለውን ግን አላየውም።

ዝናቡ ጀመረ። የመጀመሪያው ወር ምንም አልታየም። በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ የኋላው አጥር አናት ቡናማ ሆነ። መጀመሪያ የሦስቱ፣ ቀጥሎ የሰባቱ። ባልየው ውኃ በዛበት ብሎ ገመተና አካፋ አምጥቶ ቦይ ቆፈረ። ቦዩ ውኃውን ወሰደ፤ ቡናማው ግን ወደ ታች መውረዱን ቀጠለ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቤቱን ከገዛው አራት ዓመቱ። ትሑት ሰው ነው፤ ቆሞ ሳያናግር አያልፍም፤ ግን ጠዋት በሩጫ ወጥቶ ማታ በድካም ይገባል። ባልየው በር ላይ አግኝቶ ስለ ጥዱ ጠየቀው።

"እኔም አይቼዋለሁ ጋሼ። እርጅና ይሆን እንዴ?"

"ዶክተር፣ ሃያ ስምንት ዓመት ለጥድ ዕድሜ ነው?"

"እኔ የማውቀው ጥርስ ነው" አለና ፈገግ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ነገሩ የተገለጠው አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ባልየው መሰላል አስደግፎ ወደ አናቱ ወጣና ከእነዚያ ፍሬዎች አንዱን ለማየት ፊቱን አስጠጋ። አሁን ብዙ ሆነዋል፤ ቅርንጫፉን ሞልተውታል፤ ቁመታቸው ግን ከበጋው ያንሳል፣ መልካቸውም አረንጓዴ ቅልቅል ነው። ሲያይ፣ ፍሬው ተንቀሳቀሰ። ነፋስ አልነበረም። ከላይ በኩል ካለው ቀዳዳ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ራስ ብቅ አለ፤ ስድስት ትንንሽ እግሮች ተከተሉ፤ ቅጠሏን ያዙ፤ ከረጢቱን እንደ ጆንያ ጎትተው አንድ እርምጃ ወደፊት አመጡት። ከዚያ አፉ ቅጠሉን መብላት ጀመረ።

ባልየው መሰላሉ ላይ እንደቆመ ደረቀ። አጠገቡ ያለውን አየ፤ እሱም ይበላል። ከላዩ ያለውም፣ ከታቹ ያለውም። እጁን በሰነዘረ ጊዜ የቀረቡት ሁሉ ራሳቸውን ወደ ከረጢታቸው ሳብ አድርገው አፉን ዘጉት፤ እንደገና ፍሬ መሰሉ።  አምስት ወር ሙሉ ውኃ እያጠጣ ሲያያቸው የከረመው እነዚህን ነው። ለሚስቱም ያምራል ብሎ የነገራት እነዚህን ነው። ከመሰላሉ ቀስ ብሎ ወርዶ እርጥብ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ቀን ማታ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት፤ ክብደቷ ግን ትንሽ ስለሆነ ሆስፒታል ውስጥ ትቆያለች። የሚስቱ ድምፅ ደክሟል። ከእንኳን ማርያም ማረቻት በኋላ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው "ጥዱስ?" አለችው።

"ደህና ነው።"

ሌላ ምን ይበላት? ያች ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ መመለሻ አልነበራትም። በየሳምንቱ "ጥዱስ?" ትለዋለች፤ በየሳምንቱ "ደህና ነው" ይላታል።

በማግሥቱ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አውርዶ "ምን ዓይነት ትል ነው?" ብሎ ጠየቀው።

"ከረጢት የለበሰ።"

"ለብሶም ይምጣ ራቁቱን፣ ይሄ ሁሉንም ይገድላል።"

አፉን በጨርቅ አስሮ፣ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ሁለቱንም ጎን ረጨ። ሦስት ቀን ቆይቶ አንዱን ከረጢት በምላጭ ቀደደው። ትሉ ውስጡ ተጠቅልሎ፣ ወፍሮ፣ በሕይወት አለ። ሻጩ ጋር ተመልሶ "አልሞተም" ቢለው፣ "አቅጥነህ በጥብጠህ ይሆናል" አለውና አወፍሮ እንዲረጭ ነገረው። አወፍሮ ረጨ። ዓይኑ ሁለት ቀን ሲያነባ ዋለ። ትሎቹ ራሳቸውን በከረጢታቸው ዘግተው መርዙን አሳለፉት። ከጥዱ ሥር ግን ሁለት ትንንሽ ወፎች ሞተው አገኘ፤ ከረጢቱን እየቦጨቁ የሚበሉ ወፎች እንደነበሩ ያወቀው ኋላ ነው። ወፎቹን ቀበራቸውና መርጫውን መጋዘን ውስጥ አስገባው።

ከዚያ በእጁ ለቀማ ጀመረ። ጠዋት መሰላሉን ይዞ ይወጣል፣ ለምሳ ይወርዳል፣ እስኪመሽ ይለቅማል። ከረጢቶቹ ቅርንጫፉ ላይ በሐር ክር ታስረዋል፤ ሲጎትታቸው የጣቱን ቆዳ ይልጡታል። የለቀመውን ከአጥሩ ሥር ጥግ ላይ ከመረው፤ ነገ ይደፋል ብሎ። በማግሥቱ ጠዋት ሲወጣ ክምሩ ጎድሏል። ከሣሩ ላይ፣ ከግንዱ ላይ፣ ከመሰላሉ እግር ላይ ሳይቀር ከረጢቶች እየተጎተቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዱ የእሱን ጫማ ይዞ ሽቅብ እያዘገመ ነው። ጋሽ ቀስታ በሕይወቱ ከራሱ የዘገየ ፍጡር ሲቀድመው ያየው ያን ቀን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

በአንድ ክዳን ባለው ብርጭቆ አምስት ከረጢት ከነቅጠላቸው ከትቶ ችግኝ ጣቢያ ሄደ። እዚያ የምትሠራው የአትክልት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ጭቃ የነካው ቦቲ አድርጋለች። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና ወንበር ሳበችለት።

"ይቀመጡ አባባ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትል መሆኑን ካወቅሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ፍሬ መስሎኝ ነበር።"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል" አለች፤ አልሳቀችበትም። "እኛ ከረጢት ትል ነው የምንለው። በበጋ ያዩት ትሉ አይደለም፤ የእናቲቱ ከረጢት ነው። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ ከረጢቷ ውስጥ እንደሆነች ትጥላለች። አምስት መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ እንቁላል እዚያው ትታ ትሞታለች። ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል፤ ጤፍ የሚያህሉ ናቸው፤ ክር አውጥተው በነፋስ ይበተናሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ከሚበላው ቅጠል የራሱን ልብስ ይሠራል።"

"መድኃኒቱስ ለምን እምቢ አለ?"

"መድኃኒት የሚይዛቸው በተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አሁን ቆዳቸውም ጠንክሯል፣ ሲፈልጉ ከረጢቱን ይዘጉታል። የአሁኑ ርጭት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባልየው የልቡን ጠየቀ።

"ልጄ፣ በበጋው ብለቅመውስ ኖሮ?"

የብርጭቆውን ክዳን አጠበቀች። "በበጋው ቢሆን፣ ስልሳ ሰባውን ለቅሞ ማቃጠል ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

በምሳ ሰዓቷ አብራው መጥታ አጥሩን አየች። የኋላውን አሥራ ዘጠኝ ጥድ አንድ በአንድ ዞረች፤ ቅርንጫፉን ታጥፋለች፣ ቅርፊቱን በጥፍሯ ትጭራለች። አናታቸው ተራቁቷል፤ ወገባቸው ላይ የቀረው ቅጠልም ገርጥቷል።

"ውኃ ብጨምርለት፣ ፍግ ባደርግለት አያቆጠቁጥም?"

"ሌላ ዛፍ ቢሆን ያቆጠቁጥ ነበር። ጥድ ግን ቅጠሉ አንዴ ካለቀ ከደረቅ እንጨቱ አያወጣም። ይህንን ልዋሽዎት አልፈልግም አባባ።" ከዚያ ወደ መንገዱ በኩል ሄደች። "እነዚህ ገና ናቸው። እነዚህን ያድኑ። በእጅ ይልቀሙ፤ ክሩን በመቀስ ይቁረጡት፣ እንዳለ ከቀረ ቅርንጫፉን አንቆ ያደርቀዋል። የለቀሙትን መሬት ላይ እንዳይጥሉት፤ የሳሙና ውኃ ባለው ባልዲ ውስጥ ይድፈቁት። የኋላውንም ቢሆን ይልቀሙት፣ ዛፉ ባይድን እንኳ ትሉ ወደዚህ እንዳይሻገር። ግን ከወዲያ ያለውን ጎን ማን ይለቅመዋል?"

ባልየው ያን ዕለት ማታ የጥርስ ሐኪሙን በር አንኳኳ። ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ባልዲና መቀስም ይዞለት ሄዶ ነበር።

"እሺ ጋሼ፣ በደስታ። ቅዳሜ እናደርገዋለን።"

"እኔ ልግባና ልልቀመው? ግቢህን ክፈትልኝ ብቻ።"

"ኧረ እርስዎማ መሰላል ላይ አይወጡም፤ ነውር ነው። ቅዳሜ እኔው ራሴ።"

ቅዳሜ ሐኪሙ ድንገተኛ ሕመምተኛ መጣበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ ነበረው። በሦስተኛው ቤተሰቡን ይዞ ወጣ፤ በሩ ተቆልፎ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ባልየው ይጣላው ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ቀላል ነው። ይሄ ግን ባገኘው ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል። ባልየው በወዲህ በኩል ለቅሞ ባጸዳው ቅርንጫፍ ላይ በማግሥቱ ከወዲያ በኩል የመጡ ከረጢቶች ተንጠልጥለው ይጠብቁታል። በምን ጉልበቱ ይጨርሰዋል? የሚለቅመው እንዲያው ቁጭ ማለት ስላቃተው ነው።

የመንገዱን በኩል ግን ቅጠል በቅጠል ፈተሸው። አንዱ ጥድ ከኋላው ረድፍ ጋር የሚነካካው ነበርና ደረቀ፤ አሥራ አንዱ ተረፉ። ክረምቱ ሲያበቃ የኋላው ረድፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ቡናማ አጽም ሆነ። ትሎቹም መብላት አቆሙ፤ ከረጢታቸውን ደረቁ ቅርንጫፍ ላይ አስረው ጸጥ አሉ።

ሚስቱ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሕፃኗ ክብደት ይዛለች፣ ልጅቷም ቆማ መሄድ ጀምራለች። ባልየው አውቶቡስ ተራ ሊቀበላት ሄዶ ሻንጣዋን ያዘ። በታክሲው ውስጥ ስለ ልጅ ልጃቸው ታወራለች፤ እሱ አይሰማትም። "አንቺዬ፣ አንድ ነገር..." ብሎ ሁለት ጊዜ ጀመረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ሕፃኗ መለሰው።

በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ሳስቶ ስታየው "ክረምቱ ጎድቶታል" አለች። ግቢ ገብታ ወደ ኋላ ስትዞር ግን ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ባልየው ከኋላዋ ሻንጣውን እንደተሸከመ ነው፤ ማስቀመጡን ረስቶታል። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በረድፉ ሄደች፤ እያንዳንዱን ግንድ እንደምታውቀው ሰው ትከሻ እየዳሰሰች እስከ ጥጉ ደረሰች፤ ተመለሰች። አንድ ከረጢት በሁለት ጣቷ ያዘች።

"ደህና ነው ስትለኝ የነበረው ይሄንን ነው?"

"ልጅቷ ተኝታ፣ አንቺ በጭንቀት... ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ፍሬ ያልከውስ?"

"እሱ ነው። የያዝሽው።"

ከረጢቱን ትኩር ብላ አየችው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። "ይሄማ ቆሻሻው ነው" አለች።

"የምን ቆሻሻ?"

"በየበጋው የምለቅመው ነዋ። የአጥሩን ውበት እያበላሸ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ያመጣው ጭራሮ ይመስለኝ ነበር። እለቅምና ከጥራጊው ጋር አቃጥለዋለሁ። ከወዲያ በኩል ያለውን እንኳ የድሮዎቹ ጎረቤቶች ጊዜ አንኳኩቼ ገብቼ፣ ዶክተሩ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሠራተኛውን አስከፍቼ እለቅመው ነበር።"

ባልየው ሻንጣውን ያን ጊዜ አስቀመጠው። "ትል መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"በምን አውቄ? ቆሻሻ ነው ያልኩህ።"

"ታዲያ ልቀመው ብለሽ አትነግሪኝም?"

"ምን ብዬ? አቧራ ጠረግሁ ብዬ ነግሬህ አውቃለሁ?"

 ሃያ ስምንት ዓመት ጥዱን ያቆመው ውኃውና መቀሱ ብቻ አልነበረም፤ ያች ቆሻሻ አይታ ማለፍ የማትችል እጅ ናት። እሷ ራሷ አላወቀችውም፤ ማንም አላወቀላትም። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ሌላ ቦታ ሥራ ነበረው።

"ያኔ በስልክ፣ ፍሬ ባትለኝ ኖሮ" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። "ጭራሮ ተንጠልጥሏል ብትለኝ፣ ልቀመው እልህ ነበር።" ወዲያው ቀና ብላ አየችው። የተናገረችው ነገር ልቡን እንደነካው ገባትና ክንዱን ያዘችው። "እኔም አፈራ ስትለኝ አመንኩህ። የተከልኩት እኔ ሆኜ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ባለሙያዋ እንዳዘዘችው ከረጢቶቹ ሳይፈለፈሉ ደረቁን ረድፍ አስቆርጠው አቃጠሉት። መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች መጥተው ከጠዋት እስከ ቀትር ጨረሱት። የጥርስ ሐኪሙ የመጨረሻው ግንድ ሲወድቅ አዲስ ጓንት አድርጎ ብቅ አለ። ቅዳሜ ነበር። ግንዱንና ባልየውን ተራ በተራ አየና ጓንቱን አወለቀ።

"ጋሼ፣ ምን ልበልዎት?"

"ምንም አትበል ዶክተር። አንተ ብትለቅምም የሚድን አልነበረም" አለው ባልየው። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለራሱ አስቀረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐኪሙ ሳሎን መስኮት በቀጥታ ግቢያቸውን ያያል። ሚስቱ ፀጉሯን ታጥባ በፀሐይ የምታደርቀው ከኋላው አጥር ሥር ነበር፤ አሁን መኝታ ቤት ሆና በፎጣ ታሻሸዋለች። አንድ ሰሞን በገመድ አንሶላ ዘርግተው ሸፍነውት ነበር፤ ነፋስ እየጠቀለለ አስቸገራቸውና አወረዱት። ሐኪሙም መጋረጃውን ዘግቶ መዋል ጀመረ። ይሉኝታ ነው እንጂ ማን ክፉ አሰበ።

በበጋው ሁለቱ አብረው የመንገዱን አሥራ አንድ ጥድ ለቀሙ። እሱ መሰላሉ ላይ፣ እሷ ከታች ባልዲ ይዛ። ጉልበቷ ስለሚያማት በየመሀሉ ትቀመጣለች። "ያ ከጆሮህ በላይ ያለው" ትለዋለች፤ "ከጀርባው አንድ አለ" ትለዋለች። እሱ ያላየውን ሁሉ እሷ ከታች ሆና ታየዋለች። አንድም አላስቀሩም፤ ቢያንስ እንደዚያ መሰላቸው። ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ግን እሱ በመነጽሩ ላይ ማጉያ ደርቦ ሲያይ ጤፍ የሚያህሉ ቡናማ ነጥቦች ቅጠሉ ላይ ቆመዋል። ባለሙያዋ መጥታ አየች።

"ለቅመነው ነበር እኮ" አለች ሚስቱ።

"የእናንተ አይደለም። በክር ተንጠልጥሎ ነፋስ ያመጣው ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ያልተለቀመ ጥድ አለ። አሁን ትንንሽ ስለሆኑ ወፍ የማይጎዳውን ዱቄት እሰጣችኋለሁ፤ በውኃ በጥብጣችሁ በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እርጩት።"

ረጩት፤ ሠራም። ነጥቦቹ ከቅጠሉ ላይ ረገፉ። ያም ሆኖ ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ባለፈው ዓመት በጣም የተበላው፣ ክረምቱን አልተሻገረም። ባልየው የሰፈሩን መንገዶች እየዞረ ያልተለቀመ ጥድ ፈለገ። ባንኩ ግቢ አገኘ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አገኘ፣ የተዘጋ ቤት ደጅ ላይ አገኘ። ዘበኞቹ "ማንን ላስጠይቅልዎት?" ይሉታል። እሱም ማን እንደሚጠየቅ አያውቅም።

የኋላውን ባዶ ቦታ ምን እንደሚያደርጉት ባለሙያዋን ጠይቀዋት ነበር። በሁለት ሦስት ዓመት የሚደርስ፣ ይህ ትል እምብዛም የማይደፍረው ቁጥቋጦ ልትሰጣቸው ተስማማች። ባልየው ወደ ሚስቱ ዞሮ "ወይስ እንደገና ጥድ?" አላት። ሊያስደስታት ፈልጎ ነው።

"ጥድ እዚህ ድረስ ለመምጣት" አለች እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ፣ "ስንት ዓመት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እኔ ቁመቱን አላየውም።" እጇን አወረደች። 

ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ ለጥየቃ ስትመጣ ባዶውን ቦታ አይታ "እማዬ፣ ግንብ እናሠራላችሁ፤ በአንድ ሳምንት ያልቃል" አለች። እናትየው የልጅ ልጇን ጀርባ መታ መታ አደረገች። "ይቆይ" አለች። ምኑ እንደሚቆይ፣ ግንቡ ይሁን ገና ያልተተከለው ቁጥቋጦ፣ አልለየችም።